ሜሪላንድ ውስጥ ለሒሳብ ሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፤ እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ በባንክ ቅርንጫፍ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከአንድ ሆስፒታል የሒሳብ ክፍል ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፤ ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው ተብያለሁ። ያለፋችሁበት ብትመክሩኝ።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፤ መጠራቱም ቀላል አይደለም። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ከጠያቂዎቹ ወገን ስለምቀመጥ በዚያ በኩል የሚታየውን ልንገርህ።

በየፊታችን ወረቀት አለ። ለሁሉም ተወዳዳሪ የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ለእያንዳንዱ መልስ ነጥብ እንሰጣለን። መመዝገብ የምንችለው ከአፍህ የሰማነውን ብቻ ነው። የአገራችን ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብሎ ስላደገ «ደንበኞችን በትጋት እናገለግል ነበር» ብሎ ያበቃል። ጨዋነቱ ይገባኛል፤ ነጥብ የምሰጥበት ነገር ግን አጣለሁ።

«ችግር ገጥሞህ የፈታህበትን አጋጣሚ ንገረን» መባልህ አይቀርም። ለምሳሌ እንዲህ ብትል፦ «ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ካዝናው 4,000 ብር ጎደለ። የቀኑን ደረሰኞች ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁና እንዲታረም አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ከመዝጋታችን በፊት ሁለተኛ ሰው እንዲያይ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ሥራ አስኪያጁም ተቀበለው።» ሁኔታው፣ ያንተ ድርሻ፣ ውጤቱ፤ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ይህን የመሰሉ አራት አምስት ታሪኮች ከራስህ ሥራ ምረጥ። የሥራ ማስታወቂያውን አጠገብህ አድርገህ እያንዳንዱ መስፈርት የትኛው ታሪክ እንደሚመልሰው ተመልከት። ቃል በቃል ግን አትሸምድድ፤ ጥያቄው ትንሽ ዞር ካለ የሸመደደ ሰው ይጠፋበታል። ድምፅህን አውጥተህ ተለማመድ። እዚህ ያደገ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ እሱ ይጠይቅህ፤ የእነሱ እርማት ምሕረት የለውም።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉህ «የለኝም» አትበል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሠራተኛው ምን እንደሚጠበቅ ጠይቅ።

ሌላ መልስ፦ ከላይ በተባለው ላይ ስለ ደመወዝ ልጨምር። ሜሪላንድ ውስጥ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) አሠሪ በሥራ ማስታወቂያው ላይ የደመወዙን እርከን (ከስንት እስከ ስንት እንደሚከፍል) መግለጽ አለበት። ቀድሞ ስንት ይከፈልህ እንደነበር መጠየቅም አይፈቀድለትም። ስለዚህ የብር ደመወዝህን ወደ ዶላር እየመነዘርክ ራስህን አታርክስ፤ ከተጻፈው እርከን ተነሥተህ ተናገር። በአሜሪካ ለመሥራት ፈቃድ እንዳለህ ሊጠይቁህ ይችላሉ፤ ይህ ሕጋዊ ነው። ከተቀጠርክ በኋላ ለአይ-9 ቅጽ (አሠሪው ማንነትህንና የመሥራት ፈቃድህን የሚያረጋግጥበት ቅጽ ነው) ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደምታቀርብ የምትመርጠው ግን አንተ ነህ። «ግሪን ካርድ ካላመጣህ» ሊሉህ አይችሉም።

የመጀመሪያው መላሽ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ እኔ ዘንግቼው ነበር። ወንድሜ፣ የሆስፒታሉን ስም ሰርዘህ የማስታወቂያውን መስፈርቶች እዚህ ለጥፍልን፤ ሊጠይቁህ የሚችሉትን አብረን እንገምታለን።