የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ምርምር ለሕዝብ ክፍት ይሁን?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በመንግሥት በጀት የተሠሩ የመመረቂያና የምርምር ጽሑፎች እንደተጠናቀቁ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲያነባቸው በኢንተርኔት መለቀቅ አለባቸው ወይ? (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሕዝብ ጤና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ፦
መለቀቅ አለባቸው። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ባወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ስለወሰነ፣ የሚቀረን መተግበሩ ነው። በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የጤና መኮንን በገዛ ወረዳው ስለ ወባ የተጠና ጽሑፍ ፈልጎ ሲያገኝ፣ ገጹ ርእሱንና አጭር መግለጫውን ካስነበበው በኋላ በዶላር ክፈል ይለዋል፤ የጥናቱ መረጃ ግን የተለቀመው እሱ ከሚሠራበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 ጀምሮ ሂናሪ በተባለ የኢንተርኔት አገልግሎቱ በኩል የጤና ጆርናሎችን (የምርምር መጽሔቶችን) እንደ እኛ ላሉ አገሮች እንደሚያቀርብ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ለተመዘገበ ተቋም ስለሆነ፣ ተመርቆ የሚወጣ ሰው የይለፍ ቃሉን ግቢው ውስጥ ትቶ ነው የሚወጣው።

የጆርናል አዘጋጅ የሆኑ መምህር፦
እኅቴ፣ ዓላማሽን አልቃወምም፤ የምቃወመው ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ሳይነገር «ይከፈት» መባሉን ነው። ኔቸር የተባለው የሳይንስ ጆርናል በ2021 አንድን ጽሑፍ ለአንባቢ ክፍት አድርጎ ለማተም የጠየቀው ክፍያ እስከ 9,500 ዩሮ ይደርስ የነበረ ሲሆን፣ ይህ የእኛ አገር ረዳት ፕሮፌሰር በዓመት ከሚያገኘው ደመወዝ በብዙ ይበልጣል። አንዳንድ ጆርናሎች ለድሃ አገር ጸሐፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ፤ ነገር ግን ይህ በአሳታሚው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ አስመሳይ ጆርናሎች የበዙትም፣ የደረጃ እድገት የሚጠብቀው ወጣት መምህር ሌላ በር ሲዘጋበት ነው። ሁለተኛው ስጋቴ ግን ከዚህ ይከብዳል። አንድ የባህል መድኃኒት ዐዋቂ አባት ለተማሪ ያጫወቱት የቅጠልና የሥር ዕውቀት ከነመጠኑ ለዓለም ሲዘረጋ፣ እርሳቸውን ማን አስፈቀዳቸው?

ተማሪዋ፦
መምህር፣ ስለ ክፍያው ያሉት እውነት ነው፤ ሆኖም ጥናትን መክፈት ለአሳታሚ መክፈል ብቻ አይደለም። ብዙ አሳታሚዎች በግምገማ ያለፈውን የደራሲውን ረቂቅ፣ አንዳንዶቹም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ፣ በተቋሙ ማከማቻ ማስቀመጥን ይፈቅዳሉ፤ ለዚህም ሳንቲም አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው ከመፈረም በፊት ውሉን ማንበብ ነው። በብራዚል በ1998 የተጀመረው ሳይኤሎ የተባለው የጆርናሎች ድረ ገጽም በሕዝብ ገንዘብ እየተደገፈ የአገሪቱን ጆርናሎች ለአንባቢ በነፃ አቅርቧል። ስለ ባህል ዕውቀት ያነሱት ደግሞ የጤፍን ጉዳይ ያስታውሰኛል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አግኝቶ ነበር፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራነት የለውም ብሎ በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ቀን ያለውና ለሁሉም የታየ ጽሑፍ «ይህ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር» ለማለት ማስረጃ ይሆናል፤ መደርደሪያ ላይ ተቆልፎ የቀረ ጽሑፍ ግን ለማንም አይመሰክርም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦
ሁለታችሁም የምትከራከሩት ጽሑፉ እንዳለ ቆጥራችሁ ነው። በእኛ እጅ የሚገባው «የመጨረሻ የታረመ 2» የሚል ስም ያለው ፋይል ነው፤ ቁልፍ ቃል አልተሞላለትም፣ የአማካሪው ስምም በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። በአማርኛ የተሠራው ደግሞ ገጹ ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶ ስለሚገባ በቃል ቢፈለግ አይወጣም። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ እንደሚጠፋም ልጨምር።

መምህሩ፦
ፓተንቱ እስኪወድቅ ከአሥር ዓመት በላይ መፍጀቱን አትርሺ፤ የባህል መድኃኒት ዐዋቂው ሄግ ድረስ ጠበቃ የሚያቆሙበት አቅም የላቸውም። ስለዚህ ጽሑፉ ለሁለት ዓመት ተዘግቶ ይቆይ፣ የመድኃኒቱ መጠን የሰፈረበት አባሪም ባለዕውቀቱ ለብቻው ካልፈረሙ በቀር ከነጭራሹ አይለቀቅ እላለሁ።

ተማሪዋ፦
በአባሪው እስማማለሁ፤ ፊርማውም ጽሑፉ ለማን እንደሚታይ በሚገባቸው ቋንቋ ከተነበበላቸው በኋላ መሆን አለበት። በሁለት ዓመቱ ግን አልስማማም፤ የወባ ወረርሽኝ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ቢከፈት ለዚያ የጤና መኮንን ምን ይሠራለታል?