ለሠርግ መድረክም ለቤት ቀረጻም የሚሆን አንድ ማይክ

ድምፃዊት ከለገጣፎ
ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ እዘፍናለሁ፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ ቤት እቀርጻለሁ። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ላፕቶፕና ማይኩን ከሱ ጋር የሚያገናኝ ሳውንድ ካርድ አለኝ። «ለቀረጻ ኮንደንሰር (ጥቃቅን ድምፅ ሳይቀር የሚይዘው የስቱዲዮ ማይክ) ካልሆነ አይሆንም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነት ነው? ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ማይክ ብቻ ነው።

ሚክሰር ቤት
እህቴ፣ ዳይናሚክ፣ ማለትም ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን የመድረክ ማይክ ግዢ። ሹር ኤስኤም58 ከ1966 ጀምሮ መድረክ ላይ ያለ ነው፤ ቢወድቅም ይችላል፣ ኮንደንሰር ከሳውንድ ካርዱ የሚወስደውን 48 ቮልት ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ኮንደንሰር ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ የውሻውንም የዝናቡንም ድምፅ ይሰበስባል።

ስትቀርጪ ከአፍሽ 5 ሴንቲ ሜትር አርቂው፤ «ጰ» እና «ፐ» እንዳይፈነዱ ደግሞ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብዪው። ብርድ ልብሱን ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅላል። በኔ እምነት ቦታው እሱ አይደለም። የማይኩ ጀርባ ደንቆሮ ነው፤ የሚሰማው ፊቱ ነው፣ ፊቱ ደግሞ የሚያየው አንቺንና ከኋላሽ ያለውን ግድግዳ ነው። ጋቢም ብርድ ልብስም ከራስሽ ጀርባ ይሰቀል።

ጌይኑን (ሳውንድ ካርዱ ላይ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ እየዘፈንሽ ለኪው፤ ላፕቶፑ ላይ የሚታየው የድምፁ ጫፍ ከ-12 እስከ -6 ዲሲቤል መሀል ይረፍ። ይህ ማይክ ምልክቱ ደካማ ስለሆነ ከ50 ዲሲቤል በላይ ጌይን ሊጠይቅ ይችላል። ርካሽ ሳውንድ ካርድ እዚያ ሲደርስ ሽው ማለት ይጀምራል።

የገላን ሳውንድ
በምርጫው እስማማለሁ፣ በምክንያቱ ግን አይደለም። ኮንደንሰርም 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢዘፈንበት ክፍሉን ያን ያህል አይሰበስብም። ችግሩ ብዙዎቹ የቀረጻ ኮንደንሰሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀው ስለሚዘፈንባቸው ነው፤ ሰው በራቀ ቁጥር የክፍሉ ድምፅ ይበልጣል። በቅርበት ሲዘፈን ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፤ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጪው።

መድረክ ላይ ሞኒተሩ (ለራስሽ ድምፅሽን የሚያሰማሽ ስፒከር) ከማይኩ ጀርባ ትክክል ይቀመጥ። ሌላው የሹር ማይክ ቤታ 58ኤ ከሆነ ግን ሱፐርካርዲዮይድ (ፊቱ የጠበበ፣ ጎኑን ይበልጥ የማይሰማ) ስለሆነ ጀርባው በጥቂቱ ይሰማል፤ ሞኒተሩ ከማይኩ ፊት ተለክቶ ወደ ጎን 125 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። አናቱን በእጅ መጨበጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። የኋላውን ድምፅ የሚያጠፉት ከመረቡ በታች ያሉት ክፍተቶች ናቸው፤ እነሱ ሲታፈኑ ማይኩ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይሰማና ይጮኻል።

ድምፃዊት ከለገጣፎ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተዋስኩት ዳይናሚክ ስሞክር ድምፁ እጅግ ደክሞ ነው የሚገባው። የኬብሉ አንድ ጫፍ ትልቁ ጃክ ነው።

ሚክሰር ቤት
ምክንያቱ ራሱ ጃኩ ነው። በብዙ ሳውንድ ካርድ የጃኩ ቀዳዳ ለኪቦርድ ወይም ለጊታር የተሠራ ነው፤ የማይኩ ማጉያ ያለው ባለ ሦስት ፒኑ ላይ ነው። ሁለቱም ጫፉ ባለ ሦስት ፒን የሆነ ኬብል ግዢ። በሱም ቀጥኖና ደክሞ ከመጣ ጫፉን ፍቺና እዪ፦ ፒን 1 ላይ ያለው ሽቦዎቹን የሚሸፍነው መረብ ነው፣ ከፒን 2 ወይም ከ3 አንዱ ሽቦ ተላቆ ይሆናል። ብየዳው የደቂቃ ሥራ ነው።

ኤስኤም58ን ስትገዢ ሚዛን ላይ አስቀምጪው። ትክክለኛው 298 ግራም ገደማ ነው፤ በጣም ከቀለለ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላልና ተይው።