ክርክር፦ የወረዳ ጉዳይ ያለበትን ነዋሪ ማን ያግዘው? እድር ይግባበት ወይስ አይግባበት?

አስተባባሪ፦
ሰላም የሰፈሬ ሰዎች። ባለፈው እሁድ በእድራችን ስብሰባ የተነሳው ጉዳይ ሳይቋጭ ስለቀረ እዚህ ይቀጥል ተብሏል። ላልነበራችሁ፣ የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። የወር ክፍያ በሚሰበሰብበት ቀን እድሩ አንድ ጠረጴዛ ያውጣ፤ ወረዳ ጉዳይ ያለው ሰው ምን ማስረጃ መያዝ እንዳለበት ይነገረው፣ ማመልከቻ ይጻፍለት። የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ማለትም በሰፈሩ ውስጥ መንገዱ፣ መኖሪያውና ንግዱ የት እንደሚሆን የሚያሳየው ፕላን፣ ለውይይት ሲቀርብ ደግሞ ካርታውን አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ይኑር። ግማሹ ደገፈ፣ ግማሹ «እድርን ከቀበሌ ሥራ ጋር አታነካኩት» አለ። እንነጋገርበት።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ አንዲት የሰፈራችን እናት የልጅ ልጃቸውን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት አራት ቀን ተመላለሱ። በመጀመሪያው ቀን የክትባት ካርድ አልያዙም ተባሉ። በሁለተኛው ሲስተም የለም፤ በሦስተኛው ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። በአራተኛው ቀን በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለሚጽፍ ሰው ከፍለው ማመልከቻ አስጻፉ፤ ለሌላ ክፍል የተጻፈ ሆኖ ተመለሰ። እንጀራ ጋግረው ሸጠው የሚያድሩ ሴት ናቸው፤ አራቱንም ቀን ምጣዱ አልተጣደም። የዜጎች ቻርተሩ ግድግዳው ላይ አለ፤ ለየትኛው አገልግሎት ምን እንደሚያስፈልግ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ተጽፏል። ግን ከሰው ቁመት በላይ ነው የተሰቀለው፣ እሳቸውም ፊደል አልቆጠሩም።

እኚህ ሴት ናቸው እንግዲህ «ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ለፕላን ውይይት አዳራሽ ይምጡ» የሚባሉት። ለአንድ ወረቀት አራት ቀን የተንገላታ ሰው ለአምስተኛ ጊዜ ያንን በር አይረግጥም። ስለዚህ ማመልከቻውና ፕላኑ ለእኔ ሁለት ጉዳይ አይደሉም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ችግሩን አልክድም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለትም ቀበሌ ተቋቋመ። ነዋሪው ራሱን ያስተዳድር ተባለና አምነን ገባንበት። መሠረተ ትምህርት አስተማርን፣ በቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና አከፋፈልን። ብዙም ሳይቆይ ያው ቤት አብዮት ጠባቂ የሚታጠቅበት፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ጥቆማ የሚታሰርበት ሆነ። እድር ግን እድር ሆኖ ቀረ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። ዛሬ ማመልከቻ ጻፉ ስንባል ነገ የአባላት ስም ዝርዝር አምጡ እንባላለን፤ ከነገ ወዲያ ለስብሰባ ሰው አምጡ። ወረዳው ደመወዝ የሚከፍላቸው ሰዎች አሉት፣ እነሱ ያስረዱ።

ወረዳ የሠራሁ፦
ስድስት ዓመት መስኮት ላይ ነበርኩ። ጋሼ፣ ያስረዱ ያሏቸው ሰዎች ጊዜ የላቸውም። አንዱን አስቀምጬ ላስረዳ ስል ከኋላ ያለው ሰልፍ ይጮኽብኛል። ሰልፉን የሚያረዝመው ደግሞ ማስረጃው ጎድሎ የሚመላለሰው ሰው ነው። በ2017 ሚያዝያ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት ደስ ብሎኛል፤ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ያለውና ስልክ የሚያውቅ ሰው ተገላግሏል። ስልክ የማያውቀው ግን ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የይለፍ ቃሉን ለማያውቀው ልጅ ነግሮ ነው ቅጽ የሚያስሞላው።

ከሪያድ፦
እኔም ክፍያዬን የማላቋርጥ የእድሩ አባል ነኝ። ለእናቴ ውክልና በኤምባሲ አረጋግጬ ብልክ አንድ ሐረግ ጎደለው ተብሎ ተመለሰ። የትኛው ሐረግ እንደሆነ የሚነግረን ጠፋ። በመጨረሻ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ላለ ሰው የሁለት ወር ደመወዜን ከፈልኩ። ጋሼ፣ እድሩ ካልገባበት ቦታው ባዶ አይቀመጥም፤ ደላላ ገብቶበታል።

የፕላን ባለሙያ፦
እዚሁ ሰፈር ነው ያደግኩት። ሕጉን ላስቀድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲወያይበት ያዛል። ስለዚህ መብቱ አለ።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ረቂቅ የአካባቢ ልማት ፕላን ይዘን አንድ አዳራሽ ገባን። ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው ክፍት ቦታ። ባልደረባዬ አርባ ደቂቃ ስለ ቅይጥ አጠቃቀምና ስለ ሕንፃ ከፍታ ተናገረ። ጥያቄ አለ? ሲል ዝም። ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥተው «ወፍጮ ቤቱ የት ጋ ነው?» አሉ። ካርታው ላይ ወፍጮ ቤት የሚል ነገር የለም። ፈልገን በእስክርቢቶ ምልክት አደረግንላቸው። ከዚያ ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቶ ካርታው ላይ ተረባረበ። ከወፍጮ ቤቱ ወደ ታች ቦኖው፣ ከቦኖው ማዶ የእነ እገሌ ግቢ እያሉ የየራሳቸውን ቤት አገኙ። አሥራ አምስት ሜትር ብለን ያሰመርነው መንገድ የእድራቸው ድንኳንና ወንበር በሚቀመጥበት ክፍል ላይ እንደሚያልፍ ያኔ ታየ። በክረምት ጎርፉ በየት እንደሚወርድም ያን ቀን ነው የተማርነው። እኛ ያሰመርነው ልክ በጎርፉ መውረጃ ላይ ነበር።

አርባ ደቂቃው ከንቱ ነበር። የጠቀመው ወፍጮ ቤቱን ያገኘው እስክርቢቶ ነው። እድሩ ማድረግ ያለበት ይህንን ነው፤ ረቂቁ ከውይይቱ ቀን በፊት ሰፈር ይምጣ፣ ቦኖውና ወፍጮ ቤቱ ይጻፍበት። ይህን የምለው ጊዜው ስለደረሰም ነው። አሁን ያለው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን፣ የመላ ከተማው ዋና ፕላን ማለት ነው፣ ከ2009 እስከ 2019 ለ10 ዓመት የተዘጋጀ ነው። ቀጣዩ ላይ ዝግጁ ሆነን እንጠብቅ።

ጡረተኛው መምህር፦
ወፍጮ ቤቱን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። አዳራሽ በር ላይ የተገኘ ሁሉ ይፈርማል። ያ ፊርማ ኋላ «ሕዝቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ተብሎ ሲቀርብ በዓይኔ አይቻለሁ። እድሩ ሰው አስተባብሮ ቢወስድ ያንን ፊርማ ማሟላቱ አይደለም?

የፕላን ባለሙያ፦
ትክክል ነዎት፣ ይህ ይደረጋል። መገኘት መስማማት አይደለም።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ ሰው ብቻውን ሲሄድ ነው ምን ላይ እንደፈረመ ሳያውቅ የሚወጣው። ስሙ አጠገብ «ተገኝቻለሁ፣ በመንገዱ አልተስማማሁም» ብሎ መጻፍ እንደሚችል ማን ነገረው? የቃለ ጉባኤውን ቅጂ መጠየቅስ? የመረጃ ነጻነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ቢጠይቅ እንኳ የሕዝብ ግንኙነቱ በጽሑፍ ሊያሰፍርለት ይገባል። ካልመለሱ አቤት የሚባልበት የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ይህንን በጠረጴዛው ላይ መንገር ለማንም መወገን አይደለም።

የታችኛው ሰፈር ልጅ፦
ሁላችሁም ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። የወረዳ ምክር ቤት አባሉን ስም የሚያውቅ ማን አለ? የወረዳ ምርጫ ያየነው በ2005 ነው። በ2013 የመረጥነው ለከተማው ምክር ቤት ነው እንጂ ለወረዳ አልነበረም። የሚጠየቅ ተመራጭ ሳይኖር ማመልከቻ ማሳመር ምን ይጠቅማል? ፒያሳና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሡስ ጠረጴዛው ምን ይሠራ ነበር?

የፕላን ባለሙያ፦
ስለ ምርጫው ካንተ ጋር ነኝ። ስለ መነሣቱ ግን፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አወያዩ ይላል፤ መሬቱ በአስቸኳይ ከተፈለገ ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም እዚያው ፈቅዷል። ጠረጴዛ ቡልዶዘር አያቆምም። ነገር ግን ምትክ የቀበሌ ቤት ልውሰድ ወይስ ኮንዶሚኒየም ብሎ መወሰን ያለበት ሰው ልዩነቱን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ይፈልጋል። ያንን ውሳኔ ብቻውን በጭንቀት የወሰነ ዘመድ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ጡረተኛው መምህር፦
አሁንም ልቤ አልረጋም፤ ሦስት ነገር ከተጻፈ ግን አልቃወምም። የማንም ስም አይመዘገብ። ከማንም ብር አይቀበሉ። የእድሩ ማኅተም በአንድም ማመልከቻ ላይ አይረፍ፤ እያንዳንዱ በራሱ ስም ይጻፍ፣ በራሱ እጅ ይፈርም፣ መፈረም የማይችል አሻራውን ያኑር።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ሦስቱንም በቃለ ጉባኤ አስገባለሁ። በሚቀጥለው የክፍያ ቀን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ድንኳን ማስቀመጫው በር ላይ እንሆናለን። ወረዳ የሠራሽው እህታችን የማስረጃዎቹን ዝርዝር በትልቅ ፊደል ጽፈሽ አምጪልን፤ ለማያነቡት እኔ አነባለሁ። ጋሼ፣ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
እመጣለሁ። የማነብበት መነጽር ስለተሰበረ ግን ጽሕፈቱን ለእናንተ ትቼ ማኅተሙን እይዛለሁ።