«የተበደለ» ወይስ «የተጎዳ»? ከኢሊኖይ የባዮሜትሪክ ሕግ የመጣ ጥያቄ

ብራና፦ ስተረጉም፣ የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የባዮሜትሪክ መረጃ (እንደ አሻራና የፊት ቅርጽ ያለ የአካል መለያ) ሕግ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝ። «በዚህ ሕግ መጣስ ምክንያት የ... ማንኛውም ሰው ክስ የመመሥረት መብት አለው» ይላል። በእንግሊዝኛው «aggrieved» ባለበት ባዶ ቦታ ላይ «የተጎዳ» ይግባ ወይስ «የተበደለ»? ደግሞስ አንዱ ለብዙዎች ሆኖ የሚያቀርበውን ክስ «የቡድን ክስ» ማለት ያስኬዳል?

ባለ ሰዋስው፦ «ጎዳ» የግእዙ «ጐድአ» ነው፤ መታ፣ ገፋ፣ አጋጨ። ስለዚህ ጉዳት የሚያርፍበት አካል ይፈልጋል። በደል ግን ድንበር ሲታለፍ ያኔውኑ ተፈጽሟል። «የተበደለ» በል።

ፍትሕ ነገሥት፦ ሥሩን ለጊዜው እናቆየውና ፍርዱን እንይ። የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በመዝናኛ ፓርኩ ድርጅት በሲክስ ፍላግስ ላይ በቀረበው ክስ የወሰነው በዚችው ቃል ላይ ነው። አቤቱታው የ14 ዓመት ልጅ አሻራ ያለ ጽሑፍ ማሳወቂያና ያለ ፈቃድ ተወሰደ የሚል ነበር። መረጃው ወጣ ወይም ገንዘብ ጠፋ አይልም። ፍርድ ቤቱ የመብቱ መጣስ ብቻውን ያስከስሳል አለ። «የተጎዳ» ብሎ መተርጎም ፍርዱን መገልበጥ ነው። ካሳውም ቢሆን ኪሳራ ማስላት አይጠይቅም፤ በቸልተኝነት ለተፈጸመ ጥሰት 1,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ወይም በግዴለሽነት ለተፈጸመ 5,000 ዶላር ተቆርጧል። ትክክለኛው ኪሳራ ከዚያ ከበለጠ እሱ ይከፈላል።

ዐውደ ችሎት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። «ተበዳይ» ሲባል የእኛ አንባቢ «የግል ተበዳይ»ን ያስባል፤ ወንጀልና ዐቃቤ ሕግ ይመጣበታል። ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት የለመድነው «ተጎጂ» ነው።

ፍትሕ ነገሥት፦ ልማዱ እውነት ነው፤ ግን እዚህ ያሳስታል። የአሜሪካ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚያጠናቅረውን የትራንስዩኒየንን ጉዳይ ሲወስን ሁለቱን ነጣጥሏል። ድርጅቱ ስምና የአባት ስም ብቻ አመሳክሮ፣ በ8,185 ሰዎች የብድር ፋይል ላይ ከሽብርተኞችና ከአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ዝርዝር ጋር ይመሳሰላሉ የሚል ምልክት አኖረ። ለአበዳሪ የተላከው የ1,853ቱ ነው፤ የ6,332ቱ ፋይሉ ውስጥ ቀረ። በ5 ለ4 ድምፅ፣ በሪፖርቱ ስሕተት በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ የሚችሉት የተላከባቸው ብቻ ናቸው ተባለ። በደሉ በሁሉም ላይ ነው፣ ተጨባጭ ጉዳቱ ግን በ1,853ቱ። ሁለቱንም «ጉዳት» ያለ ተርጓሚ ይህን ፍርድ በምን ቃል ይጽፈዋል?

ባለ ሰዋስው፦ አቡነ ዘበሰማያትን አስቡት። «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» በአማርኛ «በደላችንን ይቅር በለን» ሆነ። እግዚአብሔር ይበደላል እንጂ አይጎዳም። ከዚህ የጠራ ማስረጃ አለ?

ዐውደ ችሎት፦ መምህር፣ እርስዎ የጠቀሱት «አበሳ» ነው፤ «በደል» የተርጓሚው ምርጫ እንጂ የግእዙ ቃል አይደለም።

ማኅቶት፦ ለሥራችን የሚጠቅመው «ኅድግ» ነው፤ ኀደገ፣ ተወ። እንዲህ ያለ የብዙዎች ክስ በስምምነት ሲያልቅ ለአባላቱ በሚላክ ማስታወቂያ ላይ «መብትዎን ይለቃሉ» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። አንባቢው ቤት የሚለቅ ይመስለዋል። «ይተዋሉ» ቢባል ይገባዋል፣ ደግሞም ትልቁ አደጋ እዚያው ነው። አንዱ ለብዙዎች የሚያቀርበውን ክስ በሚገዛው በፌዴራሉ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 23 መሠረት የገንዘብ ካሳ በሚጠየቅበት ክስ፣ በቀነ ገደቡ ራሱን ያላገለለ አባል ስምምነቱ ሲጸድቅ በስምምነቱ የተሸፈነውን የመክሰስ መብቱን ይተዋል። የካሳ ቅጽ በሚጠየቅበት ስምምነት ቅጹን ካልሞላ ገንዘቡ ሳይደርሰው መብቱም ይሄዳል። ተቃውሞ ማቅረብም ከክሱ አያስወጣም፤ መቃወምና መገለል ለየብቻ መጻፍ አለባቸው።

ብራና፦ «የተበደለ» አልኩ፤ «ይተዋሉ»ንም ወሰድኩ። «ቡድን»ስ? ራሱን እስካላገለለ ድረስ ሳይጠየቅ የገባ ሰው በቡድን ነው የሚባለው?

ባለ ሰዋስው፦ እሱ ይቆይ። «በደል» የተርጓሚ ምርጫ ነው ላልከው፦ «አበሰ» እና «በደለ» በአገባብ ይለያያሉ፤ «ለዘአበሰ ለነ» የሚለውን «ለ» ተመልከት፤ አማርኛው «የበደሉንን» ብሎ ተሳቢ አደረገው። ከዚህ ተነሥተን እንነጋገር።

ዐውደ ችሎት፦ «ለ» እዚያ ምን እንደሚያሳይ መጀመሪያ እንስማማ።