የቤዝቦል ምርጡ የፊት ገጽ የቱ ነው? (ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በከተማቸው ስም ነው።)

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁሌ የምንከራከረው ስለ ተጫዋች ነው። ዛሬ ስለ ጋዜጣ እንከራከር። ስለ ቤዝቦል ከወጡ የጋዜጣ የፊት ገጾች ሁሉ ምርጡ የቱ ነው? ደንቡ ቀላል ነው። ዕለታዊ ጋዜጣ ይሁን። ጨዋታው ባለቀ ማግስት የወጣ ይሁን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ያቀርባል፣ ይሟገትለታል። በመጨረሻ ድምፅ እንሰጣለን። ለራስ ከተማ ቡድን ግን ድምፅ መስጠት ክልክል ነው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ።

እኔ ልጀምር። የእኔ ዕጩ የኒው ዮርኩ ዴይሊ ኒውስ ነው፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1955። ብሩክሊን ዶጀርስ ከዚያ በፊት በዎርልድ ሲሪስ፣ ማለትም አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ሻምፒዮን በሚሆንበት የዓመቱ ፍጻሜ፣ በሌላው የኒው ዮርክ ቡድን በያንኪስ አምስት ጊዜ ተሸንፏል፤ በ1941፣ በ1947፣ በ1949፣ በ1952 እና በ1953። የገዛ ደጋፊዎቹ «ቦዘኔዎቹ» ነበር የሚሏቸው፣ በንዴትም በፍቅርም። ከዚያ ኦክቶበር 4 ቀን፣ በሰባተኛው ጨዋታ፣ ጆኒ ፖድረስ የሚባል የ23 ዓመት ልጅ ወርዋሪ ያንኪስን ያለ ምንም ነጥብ አስቀርቶ 2 ለ 0 አሸነፉ።

በማግስቱ ዴይሊ ኒውስ የፊት ገጹን ለካርቱኒስቱ ለሊዮ ኦሜሊያ ለቀቀለት። ጥርሱ የወላለቀ፣ ጢሙን ያልተላጨ ቦዘኔ አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ይስቃል። ርዕሱ «ማነው ቦዘኔ!» ይላል። በቃ። ውጤቱን ባታውቅ፣ ቤዝቦል የሚባል ነገር አይተህ ባታውቅ እንኳን፣ ማን እንደተናቀና ማን እንዳሸነፈ ከመንገዱ ማዶ ሆነህ ይገባሃል። ለእኔ የፊት ገጽ ፈተናው ይሄ ነው።

ቦስተን፦
ልጄ፣ ሥዕሉን እኔም እወደዋለሁ። ግን ከኦክቶበር 28 ቀን 2004ቱ ቦስተን ግሎብ ፊት አይቆምም። ርዕሱ አንዲት ቃል ናት፤ «አዎ!!!»። ሦስት ቃለ አጋኖ። የግሎብን ያህል ቁጥብ ጋዜጣ ሦስት ቃለ አጋኖ ሲደረድር አስቡት።

86 ዓመት ነው የተጠበቀው። የከተማዬ ቡድን ሬድ ሶክስ ዝነኛውን ተጫዋች ቤብ ሩትን ለያንኪስ ከሸጡ ወዲህ እርግማን አለብን ተብሎ ስንት ትውልድ አለፈ። ያን ሌሊት ሴንት ሉዊስን በአራተኛው ጨዋታም ስናሸንፍ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ነበር። ጠዋት ሰዎች ጋዜጣውን ይዘው መቃብር ቦታ ሄዱ። ሳያዩት ለሞቱት አባቶቻቸው መቃብር ላይ አኖሩት። የትኛው ካርቱን ነው መቃብር ድረስ የተወሰደው?

ኒው ዮርክ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሸነፈ ከተማ ጋዜጣ አመጡ። ማሸነፍን ማተም ቀላል ነው። እኔ የተሸነፈ ከተማ ጋዜጣ ይዤ መጥቻለሁ። በዚያው 2004፣ ከእርስዎ ገጽ አንድ ሳምንት በፊት ባለቀው ወደ ዎርልድ ሲሪስ የማለፊያ ግጥሚያ፣ ያንኪስ ሬድ ሶክስን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 ይመሩ ነበር። አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የቀራቸው። አራቱንም ተከታትለው ተሸነፉ። በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ ታሪክ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። ኦክቶበር 21 ቀን ዴይሊ ኒውስ ምን ብሎ ወጣ? መታነቁም መሳቂያነቱም የእኛው ነው የሚል ርዕስ! ዳኛ አልወቀሰም፣ ዕድል አላማረረም። አንባቢው የሰፈሩ ሰው ነው፣ ዓይኑን እያየ እውነቱን ነገረው። ይሄን ለማተም ድፍረት ይጠይቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ድፍረቱን እቀበላለሁ። ግን ያ ርዕስ በእንግሊዝኛ «ቾክ» (መታነቅ፣ በወሳኝ ሰዓት መፍረክረክ) እና «ጆክ» (ቀልድ) በሚሉት የተሠራ የቃላት ጨዋታ ነው። ያለ እንግሊዝኛው ጨዋታ ምን ይቀራል? የብሩክሊኑን ቦዘኔ ግን ሱዳንም ጃፓንም ብትወስደው ይስቃል።

ቺካጎ፦
እናንተ ስለ ሥዕልና ስለ ቃል ትከራከራላችሁ። ስለ ሰዓት የተናገረ የለም። ቺካጎ ትሪቢውን፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2016፦ «በመጨረሻ!»። የከተማዬ ቡድን ከብስ 108 ዓመት ጠብቀው ክሊቭላንድን በሰባተኛው ጨዋታ 8 ለ 7 አሸነፉ። መደበኛው ዘጠኝ ዙር በእኩል አለቀ። ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ጨዋታው 17 ደቂቃ ተቋረጠ። ጨዋታው ሲያልቅ በቺካጎ ሰዓት ከሌሊቱ ስድስት ሊሆን 13 ደቂቃ ነበር የቀረው። ማተሚያ ማሽኑ እየጠበቀ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ፣ ገጽ ማዘጋጀት ምን ማለት እንደሆነ አስቡ።

ሲሳሳቱም አይተናል። በ2003 ኒው ዮርክ ፖስት ያንኪስ በሬድ ሶክስ ተሸነፉ ብሎ የኀዘን ርዕሰ አንቀጽ አትሞ ጠዋት አከፋፈለ። ያንኪስ ግን ሌሊቱን ተጫዋቻቸው አሮን ቡን ኳሷን ከሜዳ ውጪ በላከበት ምት፣ በሆም ረን፣ አሸንፈው ነበር! ስለዚህ እኔ ገጽን የምመዝነው በዚያች ሰዓት ጥበት ውስጥ ነው። ትሪቢውን ያንን ገጽ ያተመበት የፍሪደም ሴንተር ማተሚያ ደግሞ በ2024 ተዘግቷል። ቦታው ላይ ካዚኖ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለ ሌሊት እዚያ ሕንፃ ውስጥ ዳግም አይኖርም።

ሎስ አንጀለስ፦
እህታችን ትክክል ናት፣ ሰዓቱ ነው ነገሩ። የእኔ ከተማ ጋዜጣ ሎስ አንጀለስ ታይምስ በ2023 የውጤት ሠንጠረዥና የጨዋታ ዘገባ ከስፖርት ገጹ አወጣ። የማታ ጨዋታ ለሕትመት አይደርስማ። በዚያው ሳምንት ኒው ዮርክ ታይምስም የስፖርት ዴስኩን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ስለዚህ ዕጩዬን ፍለጋ ቶኪዮ ሄድኩ። በ2024 ዎርልድ ሲሪስ፣ ከብሩክሊን ወደ ከተማዬ የተዛወሩት ዶጀርስ ያንኪስን አምስተኛው ጨዋታ ላይ ከ5 ለ 0 ተነስተው 7 ለ 6 ሲያሸንፉ፣ በጃፓን ቀን ነበር። ዮሚዩሪ ጋዜጣ ወዲያው ልዩ ዕትም አትሞ መንገድ ላይ በነፃ አደለ። የጃፓናዊውን የዶጀርስ ኮከብ የኦታኒን ፎቶ ለማግኘት ሰዉ ተጋፋ። ስልክ በሁሉም ኪስ ባለበት ዘመን ሰው ለወረቀት ሲጋፋ ማየት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይሄ እኔንም ነካኝ። እዚህ አጠገባችን ዋሽንግተን ሜትሮ ጣቢያ ላይ በነፃ ይታደል የነበረው ኤክስፕረስ ጋዜጣ የተዘጋው በሴፕቴምበር 2019 ነው። የዋሽንግተን ቡድን ናሽናልስ ሻምፒዮን የሆኑት በኦክቶበር 30። ሁለት ወር እንኳን አልሞላም! በ1924 ካሸነፈች ወዲህ ዋሽንግተን ያገኘችው የመጀመሪያ የዎርልድ ሲሪስ ዋንጫ ነው። ያን ጠዋት ባቡር ውስጥ ሁሉም ሰው ያችን ጋዜጣ ገልጦ ባየሁ።

አትላንታ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ደንቡ ራሱ አይዋጥልኝም። «ዕለታዊ ይሁን» ስትሉ ማንን እንዳስወጣችሁ አስተውላችኋል? የጥቁሮቹን ጋዜጦች። ፒትስበርግ ኩሪየርም ቺካጎ ዲፌንደርም በዚያ ዘመን በሳምንት አንድ ቀን ነበር የሚወጡት። የእኔ ዕጩ ደግሞ በዘመናዊው ከፍተኛ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለዶጀርስ ከተሰለፈ በኋላ የወጣው የኩሪየር ዕትም ነው።

ሌሎቹ ጋዜጦች ውጤት ዘገቡ። ኩሪየር ግን ያን ቀን ራሱ ካመጡት አንዱ ነው። የስፖርት አዘጋጁ ዌንደል ስሚዝ ለዓመታት ጽፎ ጽፎ፣ በኤፕሪል 1945 ሮቢንሰንንና ሁለት ሌሎች ጥቁር ተጫዋቾችን ቦስተን፣ የሬድ ሶክስ ሜዳ ፌንዌይ ፓርክ ወስዶ አስፈተናቸው። ጋሼ፣ እርስዎን ለማስቀየም አይደለም፣ ግን ሬድ ሶክስ መልሰው አልጠሯቸውም። ከሁሉም ቡድኖች መጨረሻ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፉት እነሱ ናቸው፣ በ1959።

ደግሞ ለእኛ ይሄ ጋዜጣ ባዳ አይደለም። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ጋዜጠኛውን ጆኤል ሮጀርስን ኢትዮጵያ ድረስ ልኮ ያስዘገበው ኩሪየር ነው። ጃንሆይን አነጋግሮ ተመልሷል። እኛ ተሰብስበን ስለ ምርጥ ጋዜጣ ስናወራ እሱን በደንብ ሰበብ ማስቀረት ያሳፍራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ ለኩሪየር ያለኝ ክብር ካንተ አያንስም። ግን ውድድሩ የተባለው የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። ኦሜሊያ ሣለ፣ አዘጋጁ ወሰነ፣ ጠዋት መሸጫው ላይ ነበር። ሳምንታዊ ጋዜጣ ለማሰብ ቀን አለው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለሁለቱም ፍትሕ አይደለም። ደግሞ አትርሳ፣ የ1955ቱ ቦዘኔ የሚስቀው ሮቢንሰን ላለበት ቡድን ነው።

አትላንታ፦
እሱማ የእኔን ነው ያጠናከርከው። ቦዘኔው እንዲስቅ ስሚዝ መጀመሪያ መጻፍ ነበረበት። የአንድ ሌሊት ሥራ ካልክ ደግሞ ለአንድ ሌሊት ጥበብ ዋንጫ ስጥ። «ከሁሉም ምርጡ» አትበለው።

ቦስተን፦
የ1945ቱ ነገር እውነት ነው፣ ልጄ። ከተማዬን ብወድም የማስተባብለው ነገር የለኝም። «አዎ!!!» የምትለዋን ገጽ ግን አላወርዳትም። እኔ ለራሴ ከተማ ድምፅ መስጠት ካልተፈቀደልኝ ድምፄ ለኩሪየር ይቆጠር። ደንቡ ካልፈቀደም ጻፉልኝ።

ቺካጎ፦
እኔም ደንቡ ይስፋ ባይ ነኝ። ድምፄ ግን ለብሩክሊን ነው። በእጅ የተሣለ ፊት አንድ ሙሉ የፊት ገጽ የሚይዝበት ጊዜ ተመልሶ የሚመጣ አይመስለኝም።

ኒው ዮርክ፦
አንድ ነገር ልብ ብላችኋል? የ1955ቱ ያንኪስ የተሸነፉበት ነው። የ2004ቱ፣ የእኔው ዕጩ፣ ያንኪስ የተሸነፉበት ነው። የቦስተኑ «አዎ!!!» በያንኪስ ላይ ተረማምዶ የመጣ ነው። የቶኪዮው ደግሞ ያው ያንኪስ። የኩሪየሩን በልቤ አከብራለሁ፣ ግን እኔም እንደ ሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን ውድድሩ የማግስት ገጽ ነው ባይ ነኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሊሆን 13 ደቂቃ ሲቀረው ያለቀ ጨዋታ፣ በመካከሉ ዝናብ፣ ጠዋት ላይ አንድ ንጹሕ ቃል። ድምፄ ለቺካጎ ነው።