ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ የፓምፕ ካፓሲተር ከየት ይገዛ? ልኩ ከጠፋስ?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ፓምፕ ከቆመ ቤቱ ሁሉ ቆመ ማለት ነው። ፓምፑ «እምም» እያለ አልነሳ ካለ፣ ሞተሩ ተቃጠለ ብላችሁ ለጥቅለላ (የሞተሩን ሽቦ በአዲስ ለማስጠቅለል) አትሩጡ። ብዙ ጊዜ የሞተው ካፓሲተሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ትንሽ ዕቃ ነው። እሱ ደግሞ ከጥቅለላ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ሞተር የሚጠቀልሉት ባለሙያዎች ናቸው። ዋጋቸው ከሱቅ ትንሽ ሊበልጥ ይችላል፤ ግን ለክተው ይሰጧችኋል። ፒያሳ ያሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች አዲስ ዕቃና የተለመዱ ልኮች ለሚፈልግ ይሆናሉ። «ለካልኝ» ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ። ቅዳሜ ገበያ ያገለገለ ዕቃ ለቃቅሞ አምፕሊፋየር ለሚጎረጉር ሰው ጥሩ ነው፤ ለፓምፕ ግን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳይዙ አይሞከርም። ከመርካቶ ማስመጣት? ሌላው ሁሉ ሲያልቅ።

አሁን «20 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር ልክ የሚነገርበት መለኪያ) የለም፤ 12 እና 8 ግን አለ» ብትባሉስ? ግዙ! በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን ሆነው የሁለቱም ጫፎች አንድ ላይ ሲቀጠሉ፣ 12 እና 8 ተደምረው ልክ 20 ይሆናሉ። ሁለት ሮቶ ከታች በቧንቧ ሲገናኙ የሚይዙት ውሃ እንደሚደመረው ነው።

ቮልቱ ግን አይደመርም። ሁለቱም ላይ እኩል ቮልት ስለሚያርፍ፣ አንዱ ባለ 450 ሌላው ባለ 250 ከሆነ ጥንዱ የሚችለው 250 ብቻ ነው። የቤቴ መብራት 220 ነው ብላችሁም ባለ 250 አትግዙ። ፓምፑ ሲሠራ ካፓሲተሩ ላይ ከመስመሩ የበለጠ ቮልት ይመጣል። ሁለቱም 450 ይሁኑ።

ሲሪስ የዚህ ተቃራኒ ነው። እነዚያኑ 12 እና 8 በሲሪስ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው ጫፍ አስከትላችሁ ብትቀጥሉ 4.8 ብቻ ይወጣል፤ ከትንሹም ያነሰ! ስሌቱ ሁለቱን አባዝቶ ለድምራቸው ማካፈል ነው፦ 96 ለ20። እኩል ከሆኑ ግማሽ ይሆናል፤ ሁለት 20 ተቀጥለው 10 ይሰጣሉ። ጥቅሙ ቮልቱን መካፈላቸው ነው፤ እሱም ቢሆን እኩል የሚካፈሉት ልካቸው እኩል ሲሆን ነው። በ12 እና በ8 ጊዜ ትንሹ 60 በመቶውን ይሸከማል።

ስለዚህ «ሁለት ባለ 250 በሲሪስ ልቀጥልልህ፣ 500 ይችላል» የሚል ካለ ሂሳቡ አልተሳሳተም፤ ግን እኔ አልከፍልም። 20 ማይክሮፋራድ ለማግኘት ሁለት ባለ 40 ማይክሮፋራድ መግዛት ምን አመጣው?

ስትገዙ ላዩ ላይ ሲቢቢ 60 (CBB60፣ ለፓምፕ የሚሆነው ዓይነት መለያ) የሚል ይኑር። ፕላስና ማይነስ ያለውን የቦርድ ካፓሲተር ለፓምፕ እንዳትሞክሩት፤ ሊፈነዳ ይችላል። 20 ተብሎ ተጽፎበት 19 ወይም 21 ቢያነብ ምንም አይደል። 15 ካነበበ መልሱት።

አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ካፓሲተሩ መብራት ከጠፋ በኋላም ሊነዝር ስለሚችል፣ ጫፎቹን በእጅ ከመንካታችሁ በፊት ጫፎቹን ከድሮው ባለ ክር አምፖል ሽቦዎች ጋር በማገናኘት አራግፉት።

አዘዞና ማራኪ አካባቢ እየለካ የሚሸጥ የምታውቁ ከታች ጨምሩበት፤ ሁሉም ሰው ፒያሳ ድረስ መምጣት የለበትም።