የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ለመሆን ምን ልማር?

አዲሷ ቁልፍ ያዥ

ሰላም ለሁላችሁ። የቋንቋ መምህርት ነኝ። ላይብረሪውን ይዞ የነበረው ሰው ሲለቅ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ፤ "አንቺ መጽሐፍ ትወጂ የለ?" ብለው። ለጊዜው ነው የተባለው፤ ግን ወድጄዋለሁ፣ በቋሚነት ልይዘው አስቤያለሁ። ችግሩ ሥልጠና የለኝም። አንዱ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ያዢ ይለኛል፣ ሌላው አጭር ኮርስ ይበቃሻል ይለኛል፣ አንድ ባልደረባዬ ደግሞ "መጽሐፍ ለማዋስ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል?" ብሎ ይስቃል። በዚያ ላይ መጻሕፍቱ ጀርባ ላይ የተለጠፉት ቁጥሮች ግራ ያጋቡኛል። ይሄን ሁሉ በቃሌ ልይዝ ነው? ሥራው ውስጥ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

የካታሎግ ሰው

ኧረ ማንም በቃሉ አይዝም። ቁጥሮቹ የዲዊ አሥርዮሽ ምደባ ይባላሉ፤ ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው ነው። ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 900 ባሉ አሥር ክፍሎች ይከፍለዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ በረዘመ ቁጥር ጉዳዩ እየጠበበ ይሄዳል። 500 ሳይንስ ነው፣ 590 እንስሳት፣ 599 አጥቢ እንስሳት። ይህች ከገባችሽ ሌላውን መመልከቻው መጽሐፍ ይነግርሻል። ልብ ወለዱን ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች በቁጥር ሳይሆን በደራሲ ስም ፊደል ነው የሚደረድሩት፤ ለልጆች ይቀላል።

ሌላው ነገር፣ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ቁጥሩን ከራስሽ አታፍልቂ። ብዙ ጊዜ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ፣ የኅትመት መረጃው ካለበት ቦታ ታትሞ ታገኚዋለሽ። ከሌለ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ክፍት ነው፤ አይ ኤስ ቢ ኤኑን፣ ማለትም የመጽሐፉን መለያ ቁጥር፣ አስገብተሽ ፈልጊ። ሌላው የሠራውን መቅዳት በእኛ ሙያ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የምንማረው እሱን ነው።

ዲዊ እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። 200ዎቹን ብታዪ ለሃይማኖት ከተሰጠው ቦታ አብዛኛውን ክርስትና ይዞት፣ የቀረው የዓለም ሃይማኖት በሙሉ 290ዎቹ ውስጥ ታጭቋል። አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ሲሉ ያሻሽሉታል። አንቺ ለጊዜው እንዳለ ተጠቀሚበት።

ለማንኛውም የእኔ ምክር ካታሎግ በደንብ የሚያስተምር አጭር ኮርስ ነው። ሁለተኛ ዲግሪው ይቆይሽ።

ጸጥታ አይወድም

ከላይ ያለው ወዳጄ የጻፈው ልክ ነው፤ ግን ሁሉም ስለ መደርደሪያ ነው። መደርደሪያ በወራት ይለመዳል። የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ሥራ ግማሹ ማስተማር ነው፣ ሰው የሚረሳውም ይሄንን ነው። ልጁ "ስለ ውኃ ፈልግ ተብያለሁ" ብሎ ይመጣል። ስለ ውኃ ምኑን? ዑደቱን? ብክለቱን? ወይስ ጥያቄው ራሱ አልገባውም? ያንን ከእሱ ጋር ቁጭ ብለሽ ማጥበብ፣ ከዚያ ያገኘውን ማን እንደጻፈው፣ መቼና ለምን እንደጻፈው እንዲጠይቅ ማድረግ፣ ገልብጦ እንዳያመጣ ምንጭ መጥቀስ ማሳየት፣ ይሄ ሁሉ ያንቺ ሥራ ነው። መምህርት ስለሆንሽ ደግሞ ከማናችንም ትቀድሚያለሽ። አውስትራሊያ ውስጥ ለምሳሌ "መምህር ላይብረሪያን" የሚባለው ሰው የመምህርነትም የቤተ መጻሕፍትም ብቃት ያለው ነው። ግማሹ በእጅሽ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ኮርስ ስትመርጪ ስሙን ሳይሆን ዝርዝሩን አንብቢ። የልጆችና የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ አለበት? መረጃ መፈለግን እንዴት እንደሚያስተምሩ አለበት? ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ተግባር ልምምድ አለው? ብዙዎቹ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራሞች ለዩኒቨርሲቲና ለምርምር ቤተ መጻሕፍት ነው የሚያዘጋጁት፤ ጥሩ ናቸው፣ ግን ሕፃን አጠገባቸው አይደርስም። ቀጣሪሽ የምስክር ወረቀቱን ይቀበለው እንደሆነም ክፍያ ሳትፈጽሚ በፊት ጠይቂ።

ከማንኛውም ኮርስ በፊት ደግሞ ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ኢፍላ፣ ያወጣውን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መመሪያ አንብቢ። ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፣ በነጻ ይወርዳል። "ለማዋስ ምን ሥልጠና ያስፈልጋል" ላለው ሰውዬም አስነብቢልኝ።

አቧራ ጠራጊ

ሁለታችሁም ያልነካችሁት ማስወገድን ነው። ኮርስ ላይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልፉታል፣ ሥራ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የሚያጣላሽ እሱ ነው። ፕሉቶን ዘጠነኛ ፕላኔት የሚሉ መጻሕፍት አሁንም መደርደሪያ ላይ አሉ፤ ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አውጥተሽ ስትጥዪ "መጽሐፍ እንዴት ይጣላል!" የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ምን እንደሚገዛ፣ ምን እንደሚወገድና ማን እንደሚወስን በጽሑፍ አውጪና ርዕሰ መምህሩን አስፈርሚ። የተቀደደ፣ መረጃው ያረጀ፣ ለዓመታት ማንም ያልነካው እያልሽ መስፈርቱን አስቀምጪ።

መጻሕፍቱን የምትመዘግቢበትና የምታዋሺበት ሶፍትዌር ከፈለግሽ ኮሃ የሚባል አለ። ነጻ ነው፣ ኒው ዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረ። ግን ሰርቨር የሚከታተል ሰው ይፈልጋል፤ ከሌለሽ ኤክሴል ላይ ጀምሪ። ርዕስ፣ ደራሲ፣ አይ ኤስ ቢ ኤን፣ የመደብ ቁጥር፣ የገባበት ቀን። ዓምዶቹን ንጹሕ አድርገሽ ከያዝሽ በኋላ ማዛወር ይቻላል።

አዲሷ ቁልፍ ያዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! አንዲት ጥያቄ ብቻ። መምህራን የረበሸ ተማሪ ሲኖር "ሂድ ላይብረሪ ቁጭ በል" ብለው ይልኩብኛል። ይሄ የትኛው ኮርስ ውስጥ አለ?

ጸጥታ አይወድም

ሃሃ፣ የትም የለም። ላይብረሪው መቀጫ ከሆነ ልጆቹ መጽሐፍን ከቅጣት ጋር ነው የሚያያይዙት፤ ይህንንም ለርዕሰ መምህሩ እንዲሁ በይው፣ አቧራ ጠራጊ ባለው ጽሑፍ ውስጥም አስገቢው። እስኪወሰን ግን የተላከው ልጅ ዝም ብሎ አይቀመጥ። የተመለሱትን መጻሕፍት ቦታ ቦታቸው እንዲያስገባ ስጪው። እኔ ጋ ዲዊን ከመምህራኑ በላይ የሚያውቁት እነዚያው ናቸው።

የካታሎግ ሰው

እሱን እንኳ ተስማምቻለሁ። 599ን አስጀምሪያቸው፣ አንበሳና ዝሆን ስላለበት ቶሎ ይለምዱታል።